ፈረንሳይ 56 ዓመት በቢጫ መብራት ለምን ነዳች?

የሐረርን መንገዶች የምታውቁ ከሆነ ፔዦ 404ን ሳታዩ አልቀራችሁም። ይቺው መኪና በተሠራችበት አገር፣ በፈረንሳይ፣ ማታ ስትነዳ የፊት መብራቷ ቢጫ ነበር። የባለቤቱ ምርጫ እንዳይመስላችሁ፤ ያስገደደው ሕግ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1930ዎቹ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1934 ቢጫ ብርሃን ከነጭ ይልቅ ዓይንን እንደማያጥበረብር፣ በጉም ውስጥም ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ያነሰ እንደሚበተን መዘገበ። በ1936 መጨረሻ ሕጉ ወጣ፤ ከሚያዝያ 1937 በኋላ የሚመዘገቡ መኪኖች ቢጫ መብራት እንዲኖራቸው ግድ ሆነ። ፈረንሳዮች መኪናቸውን ከጀርመኖች ለመለየት ብለው ነው የሚል ወሬ አለ። የሕጉ ዓላማ ግን ሾፌሮችን ከሚያጥበረብር ብርሃንና ከድካም ማዳን ነበር።

እስቲ አሠራሩን እንየው። አምፖሉ ወይም የመብራቱ መስታወት ቢጫ ይደረጋል። ቢጫ መስታወት አዲስ ብርሃን አይፈጥርም፤ ከነጩ ውስጥ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ያስቀርና ሌላውን ያሳልፋል።

ጉሙስ? ሰማይ ሰማያዊ የሆነው የአየር ሞለኪውሎች ሰማያዊ ብርሃንን አብልጠው ስለሚበትኑ ነው። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን የሞገድ ርዝመት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም ከሞላ ጎደል እኩል ይበትናል። ጉም ነጭ ሆኖ የሚታየንም ለዚህ ነው። ስለዚህ ቢጫ መብራት ጉም ይሰነጥቃል የሚለው ነገር ብዙም አያስኬድም።

በ1976 በኔዘርላንድ የወጣ ጥናት ሁለቱን አወዳደረ። ቢጫው ዓይንን በመጠኑ ያነሰ ያስቸግራል፤ በመንገድ ደህንነት ግን ልዩነት አልተገኘም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የጋለ ክር ያለው አምፖል ድሮውንም የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ትንሽ ነው፤ ማጣሪያው የሚያስቀረው ብዙ ነገር የለም። የአውሮፓ አገሮች ደንባቸውን አንድ ሲያደርጉ ፈረንሳይም በ1993 ለአዳዲስ መኪኖች ወደ ነጭ ተመለሰች።

አሁን ይህንኑ ነገር ገልብጡት። መኪናዬ ያምርልኝ ብሎ የሀሎጅን አምፖሉን ሰማያዊ የሚቀባ ሰው ምን እያደረገ ነው? ክሩ በብዛት ከሚሰጠው ቢጫና ቀይ ብርሃን እየቀነሰ፣ በትንሹ የሚሰጠውን ሰማያዊ አብልጦ እያሳለፈ ነው። መንገዱ ይጨልምበታል። ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ያው ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ዓይኑን የበለጠ ያስቸግረዋል። ቢጫው ቢያንስ ለሌላው ሾፌር ታስቦ ነበር፤ ሰማያዊው ሁለቱንም ይጎዳል።

ሕጉም ቢሆን የዘፈቀደ አይደለም። በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ለረጅምና ለአጭር መብራት የፈቀደው ነጭና ይህንኑ ቢጫ ብቻ ነው። ቀይ የመኪና ጀርባ ምልክት ነው፤ በጨለማ ከፊት ስታዩት መኪናው እየሄደ ይሁን እየመጣ ግራ ይገባችኋል። ሰማያዊ ደግሞ በብዙ አገር የፖሊስና የአምቡላንስ ነው።

ማታ በደንብ ማየት ከፈለጋችሁ ገንዘባችሁን ለቀለም አታውጡ። መስታወቱን ወልውሉ፣ የመብራቱን አቅጣጫ አስተካክሉ፣ መኪና ሲመጣባችሁም ረጅሙን ወደ አጭር መልሱ።