ፈትል ስንት ያወጣል?

ያለፈውን ሩብ ዓመት ሒሳብ ስዘጋ ዓይኔ የጋቢ ሥራው መዝገብ ላይ ቀረ። ድሩን ከፋብሪካ እንገዛለን፤ ማጉን ግን አባሎቻችን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ለሸማኔ ይሰጣል። ለአንድ ጋቢ ለፈታይዋ የከፈልነውንና ለሸማኔው የከፈልነውን ጎን ለጎን ጽፌ ለሥራው ሰዓት አካፈልሁት። እሷ ሳምንታት ትፈጃለች፣ እሱ ቀናት። በሰዓት ሲሰላ የእሷ ድርሻ የእሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህን ዋጋ የወሰንነው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኛው ነን፤ በጠቅላላ ጉባኤ፣ በድምፅ። የተቃወመ አልነበረም፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። «የገበያው ዋጋ ነው» ተባለ፣ አለቀ። ገበያው ራሱ ይህን ዋጋ ከየት አመጣው ብዬ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ትምህርት ላይ አዳም ስሚዝን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ስኮትላንዳዊው ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራዎች ክፍያ ለምን እንደሚለያይ አምስት ምክንያት ይሰጣል። ደስ የማይል ሥራ ይበልጥ ይከፈላል፤ ለመማር ጊዜና ገንዘብ የሚፈጅም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ ሥራ፣ ትልቅ አደራ ያለበት ሥራ፣ ሊከሽፍ የሚችል ሙያም እንደዚያው። ነገሩ ልክ ይመስላል። እኔም ከቢሯችን ጥበቃ የበለጠ የሚከፈለኝ ዲፕሎማ ለመያዝ ዓመታት ስለከፈልሁ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም በከፊል አምናለሁ።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን ለፈተና ያልጠየቁን አንድ ቦታ አለ። በአብዛኛው ስኮትላንድ በሳምንት ሃያ ፔንስ የምታገኝ ሴት ጎበዝ ፈታይ ናት ይላል። ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው አገር ተራ የቀን ሠራተኛ በቀን ስምንት ፔንስ እንደሚያገኝ ጽፏል። በስድስት ቀን ሲባዛ አርባ ስምንት ይሆናል። ሙያ የሌለው አርባ ስምንት፣ ሙያ ያላት ሃያ! ስሚዝ ራሱ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፦ ፈትሉን የሚሠሩት በአብዛኛው ለሌላ ሥራ የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ኑሯቸው በሌላ ስለተሸፈነ ፈትሉ የሚያመጣው እንደ ጭማሪ ይታያል። በፈትል ብቻ ልትኖር የምትሞክረዋም በዚያው የጭማሪ ዋጋ ትሸጣለች።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ይጠላለፋል። ደስ የማይል፣ ሰው የሚንቀው ሥራ ይበልጥ ይከፈላል የሚለው የስሚዝ ሐሳብ ለሸማኔው፣ ለቀጥቃጩ፣ ለፋቂውና ለሸክላ ሠሪዋ አልሠራም። በቡዳነት ይታሙ ነበር፤ በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም፣ ጋብቻም ይከለከሉ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ንቀቱ ግን ዋጋቸውን ከፍ አላደረገውም። የስሚዝ ሐሳብ የሚሠራው ሰውየው «ይህን ሥራ አልፈልግም» ብሎ ወደ ሌላ መሄድ ሲችል ነው። መሬት የሌለው ቀጥቃጭ ወዴት ይሂድ?

ፈትል ደግሞ በተቃራኒው የተከበረ ነበር። ከእመቤት እስከ ገረድ የማትፈትል አልነበረችም፤ እንዝርት የያዘችን ሴት የሚንቅ የለም። ግን ሁሉም ስለሚፈትል ማንም እንደ ሥራ አልቆጠረውም። ቋንቋችን ራሱ ይህን ይዞታል። ስለ አንድ ሴት «ባለሙያ ናት» ሲባል ወጧና ፈትሏ ማለት ነው፤ በመሥሪያ ቤት «ባለሙያ» ሲባል ግን የደመወዝ ደረጃ አለው። ቃሉ አንድ ነው፤ አንደኛው ይመሰገናል፣ ሌላኛው ይከፈለዋል። ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል እንዳንል፣ ቀጭን ማግ ሳይበጠስ መፍተል ከልጅነት ጀምሮ ዓመታት ይወስዳል። መምህሯ እናት ስለሆነች ግን የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ የለውም።

«ታዲያ ፈትል በባሕርይው ርካሽ ሥራ ነው» የሚል ካለ፣ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመልስለታል። ሳሙኤል ክሮምፕተን እ.ኤ.አ. በ1779 ቀድመው ከነበሩ ሁለት የመፍተያ መኪናዎች አዳቅሎ አንድ ሠራ። ድቅል በመሆኑ በእንግሊዝኛ «በቅሎ» ብለው ጠሩት። ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ ያሽከረክራል፤ ሰረገላው ከባድ ስለነበር ወንዶች ያዙት። ብዙም ሳይቆይ የዚህ መኪና ፈታይ በጥጥ ፋብሪካው ውስጥ ጥሩ ከሚከፈላቸው ሠራተኞች አንዱ ሆነ። ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው እንዳይባል፣ ሪቻርድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1830 ሰረገላው በራሱ እንዲመላለስ አድርጎ አሻሻለው። ጉልበቱ ቀረ፤ ወንዶቹና ደመወዛቸው ግን አልቀሩም።

ያቆያቸው ማኅበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 በማን ደሴት የተሰበሰቡት የፈታዮች ማኅበር ተወካዮች ሥራውን ከፈታይ ልጅ፣ ወንድም ወይም አባት ከሌለው የወንድም ወይም የእኅት ልጅ በቀር ማንም እንዳይማረው ወሰኑ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ተናደድሁም። መደራጀት ዋጋ እንደሚያስከብር አሳይተዋል፤ በሩን የዘጉት ግን ሥራው የእጃቸው በነበረው ሴቶች ላይ ነው። በዚያው ዘመን እነዚያ ኩሩ የእጅ ሸማኔዎች፣ ማንም እየገባ ሥራቸውን ስለተሻማቸውና የሽመና መኪናም ስለመጣባቸው፣ ለድህነት ተዳረጉ። እጃቸው የሚያውቀው አልቀነሰም፤ ዋጋቸው ግን ቀነሰ።

ሩቅ ነው አትበሉ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። ልጅቷ አማራጭ የላትም፣ ከቤተሰብም ትደጎማለች ተብሎ የተተመነ ዋጋ ነው፤ የስሚዝ ፈታይ ሒሳብ ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው ሄዱ። በዚያው 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም በአንቀጽ 55 ደንግጓል።

ወደ መዝገባችን ልመለስ። ነገሩን ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሳቀርብ የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የጋቢው መሸጫ የታወቀ ነው፤ ለፈታይዋ የሚጨመረው ከየት ይምጣ? ከሸማኔው ከቀነስን እሱም ልጆች አሉት፣ ወደ ሌላ ነጋዴም መሄድ ይችላል። መሸጫውን ከፍ ካደረግን ገዢው ማጉም የፋብሪካ የሆነውን ጋቢ ይመርጣል፤ ያኔ ፈታዮቻችን ያለችውንም ያጣሉ። ጋቢያችንን የምትገዙ ደጋፊዎቻችን በዚህ ላይ የምትሉትን ብንሰማ ደስ ይለናል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳ ተይዟል።

እስከዚያው መዝገቡ ላይ የሰዓት ዓምድ ጨምሬ ለፈታዮቹ ወረቀት አደልሁ። በዕድሜ ትልቋ እናታችን ገና ሲቀበሉኝ «ልጄ፣ እኔኮ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፤ ምኑ ይጻፋል?» አሉኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀታቸው ሲመጣ ጥጡን የዳመጡበት፣ የነደፉበትና ያባዘቱበት ሰዓት የለበትም። ለምን እንዳልጻፉት ጠየቅኋቸው።

«እሱም ሥራ ሆኖ ነው?» አሉኝ።

ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋቸው።