መልቲኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ስለሚያስፈልገው የራዲዮ መላኪያ ታሪክ

መልቲኮፕተር የሚባለውን፥ ይኸውም በሦስት ወይም ከዚያ በሚበልጡ ውልብልቢቶች ቀጥ ብሎ የሚነሣውን ትንሽ በራሪ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚያስቡ ተማሪዎች በኮሌጃችን ጥቂት አይደሉም። ገንዘብ ሲያዋጡ ክርክሩ የሚበረታው ስለ ሞተሩ ወይም ስለ ባትሪው ሳይሆን፥ ከመሬት ሆኖ ትእዛዝ ስለሚልከው ራዲዮ ነው። አንዱ ርካሹን፥ ሌላው ስመ ጥሩን እንግዛ ይላል። (በሀገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ሳይረሳ ነው።) የእኔ ዐሳብ ግን ነገሩ በዋጋ ብቻ አይፈታም የሚል ነው። በመላኪያው ላይ የምናየው እያንዳንዱ ነገር ከአንድ ያለፈ ችግር የተወለደ ነው፤ ታሪኩን የመረመረ ሰው ለእርሱ የሚጠቅመውን፥ ለሌላ ሰው ችግር ከተሠራው ለይቶ ይገዛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒውዮርክ ከተማ፥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፥ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ እየመራ ለሕዝብ አሳየ፤ በዚያው ዓመትም ቍጥሩ 613,809 የሆነውን የፈጠራ መብት ተቀበለ። ከእርሱ ቀጥሎ እስፓኛዊው ሌዎናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ ቴሌኪኖ ያለውን መሣሪያ በ1903 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1906ም በቢልባኦ ወደብ በንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ፊት ጀልባ ከዳር ሆኖ መራ። ከመጀመሪያው አንሥቶ ዐዋቂዎቹን ያስጨነቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እኔ የምልከውን ትእዛዝ ሌላው ቢልከውሳ? ቴስላ በ1903 ባገኘው ሌላ የፈጠራ መብት፥ ከአንድ በላይ የሆኑ ሞገዶች አብረው ካልደረሱ መቀበያው እንዳይሠራ የሚያደርግ ዘዴ ገልጧል። ይህ ዐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና እንደሚመጣ በኋላ እናያለን።

ወደ አየር የወጣው ነገር ዘገየ። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ የነበሩት መንትያ ወንድማማቾች ዋልተርና ዊልያም ጉድ በ1937 ጋፍ ያሉትን ሞዴል አውሮፕላን በራዲዮ አበረሩ፤ አውሮፕላኑ ዛሬ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙዎች የተጠቀሙበት መሣሪያ ግን እጅግ ድኻ ነበር። አንድ ቍልፍ ብቻ አለው፤ ሲጫኑት በተጠማዘዘ ላስቲክ ጕልበት የሚዞር ጥርስ አንድ እርምጃ ይሄድና መሪው ወደ ቀኝ፥ ቀጥሎ ወደ መካከል፥ ቀጥሎ ወደ ግራ ይላል። አብራሪው የመጨረሻው ትእዛዝ የትኛው እንደ ነበረ በልቡ መያዝ ነበረበት። በኋላ ልዩ ልዩ ድምፅ ሲደርሳቸው የሚንቀጠቀጡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች መጡ፤ እያንዳንዱ ምላስ የራሱን ድምፅ ብቻ ያውቃል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን አንዱን የድምፅ ሹካ መትተው ሌላው ሳይነካ ሲጮኽ ያሳዩን ነበር፤ ምላሶቹ የሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ሆኖም ምላሱ የሚያውቀው መሥራትንና ማቆምን ብቻ ነው። እጅ በጥቂቱ ሲገፋ በጥቂቱ፥ በብዙ ሲገፋ በብዙ የሚታዘዘው መሣሪያ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ በመላኪያው ላይ ያሉት ሁለት ዘንጎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

የዘንጉ ነገር ሲቃና የቴስላ ጥያቄ ቀረ። በአሜሪካ ለሞዴል አውሮፕላን በ72 ሜጋኸርዝ ክልል የተመደቡት መሥመሮች 50 ነበሩ፤ መሥመሩን የሚወስነው በመላኪያውና በመቀበያው ውስጥ የሚሰካ ክሪስታል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መሥመር ቢያበሩ አውሮፕላኑ ይወድቃል። ስለዚህ በማብረሪያው ሜዳ ሰሌዳ ይተከላል፤ የመሥመሩን ቍጥር የያዘውን የልብስ መቈንጠጫ ያልያዘ ሰው መላኪያውን አይከፍትም። የብዙ ወር ድካም በአንድ ቸልተኛ ጎረቤት ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጭንቀት የገላገለው በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ አንዳንድ ክልሎችን፥ ትእዛዙን በሰፊ የሞገድ ክልል ለሚበትኑ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ መክፈቱ ነው። ከሞገድ ወደ ሞገድ የመዝለልን ዘዴ የፊልም ተዋናይቱ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 ለቶርፒዶ መምሪያ አስመዝግበውት ነበር። ስፔክትረም የተባለው ስም በ2005 ለትንንሽ አውሮፕላኖች፥ በ2006 ለትልልቆቹም መሣሪያ አወጣ። መቀበያው የራሱን መላኪያ ብቻ እንዲያውቅ አንድ ጊዜ ይተዋወቃል፤ ሰሌዳውና መቈንጠጫውም ቀረ።

ነገር ግን በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ። ቀድሞ የአንዱ መላኪያ ለሌላው መቀበያ ብዙ ጊዜ ይስማማ ነበር፤ አሁን ፉታባ፥ ስፔክትረም፥ ፍራይስካይና ፍላይስካይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቋንቋ ያዙ። ርካሽ መላኪያ የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው ከዚያው ፋብሪካ መቀበያ ለመግዛት ተገደደ። ይህን ቀንበር የሰበሩት ፋብሪካዎቹ ሳይሆኑ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ተርኒጂ 9ኤክስ የተባለውን ርካሽ መላኪያ ከፍተው ፕሮግራሙን በራሳቸው ተኩ፤ ከዚያ ኦፕንቲኤክስ፥ ከእርሱም ኤጅቲኤክስ ወጣ። ለግንኙነቱም ኤክስፕረስኤልአርኤስ የተባለ ማንም የሚያየውና የሚያሻሽለው ሥርዐት አለ። በራሪው ይሰበራል፥ ሞተሩ ይቃጠላል፤ መላኪያው ግን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሥራም ይቈያል። ስለዚህ ገንዘባችን ጥቂት ከሆነ ከሌላው ክፍል ተቀንሶም ቢሆን ክፍት ፕሮግራም ያለው መላኪያ ይገዛ እላለሁ።

ገንዘቡ ከየት ይቀነስ ለሚል መልስ አለኝ። ውድ መላኪያዎች የሚመኩበት አንዱ ነገር ትእዛዞችን አደባልቆ መላክ ነው፤ ይህ የሄሊኮፕተርና የአውሮፕላን አብራሪዎች ያስፈለጋቸው ነው። መልቲኮፕተር ግን በሰው እጅ ብቻ ሚዛኑን ሊጠብቅ አይችልም፤ የሞተሮቹን ፍጥነት የሚያደባልቀው በላዩ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከመላኪያው የሚፈለጉት አራት ትእዛዞች፥ ማለት ከፍታ፥ መዞር፥ ወደ ፊትና ወደ ጎን ማዘንበል፥ ከእነርሱም ጋር ሞተሮቹን ለማንቃትና የበረራውን ዓይነት ለመለወጥ ሁለት ማብሪያዎች ናቸው። ስድስት ቻናል ይበቃል፤ ስምንት ቢሆን መልካም ነው። የከፍታው ዘንግ በግራ ይሁን በቀኝ የሚለው ደግሞ የልማድ ጉዳይ ነው፤ የሚያስተምራችሁ ሰው በያዘበት ያዙ።

አንድ ነገር ብቻ በርካሽነት አይለወጥም። ግንኙነቱ ሲቋረጥ አንዳንድ መቀበያ የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደ ያዘ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በራሪው ውልብልቢቱን እያሽከረከረ ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል፤ ውልብልቢቱም ጣት ይቈርጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ውልብልቢቶቹን አውልቆ፥ ሞተሮቹን አስነሥቶ መላኪያውን መዝጋት ያስፈልጋል። ሞተሮቹ ወዲያው ከቆሙ ውልብልቢቶቹ ይገጠማሉ፤ ካልቆሙ የመቀበያው ቅንብር እስኪታረም ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይቈያል።