ሰጪው ያላነሳው ዋንጫ

የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች ለሚፋለሙበት የባድሜንተን ውድድር ዋንጫውን ያበረከቱት እንግሊዛዊው ሰር ጆርጅ ቶማስ ናቸው። በባድሜንተንም በቼዝም የታወቁ ባለድል ነበሩ። ስጦታው የተበረከተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በዚያው ዓመት ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሰው ከሰው ሲተላለቅ ስለ ላባ ኳስ ማን ያስባል? ዋንጫው ባለቤት ሳያገኝ ዓመታት አለፉ።

የመጀመሪያው ውድድር ፍጻሜ በ1949 በእንግሊዝ አገር፣ በፕሬስተን ከተማ ተካሄደ። ማላያ ዴንማርክን 8 ለ1 ረታች። ማላያ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ተገዢ ነበረች፤ ከጃፓን ወረራ ቁስልም ገና አላገገመችም። ነጻነቷን የተቀዳጀችው ከ8 ዓመታት በኋላ፣ በ1957 ነው። የራሷ ባንዲራ ሳይውለበለብ በፊት ልጆቿ በገዢዋ ምድር አሸናፊ ተብለው ተጠሩ።

በ1958 ዋንጫው ከማላያ ወደ ኢንዶኔዥያ ተሻገረ፤ እርሷም ከሆላንድ ቀንበር የተላቀቀች አገር ናት። የእንግሊዝ መኮንኖች በ19ኛው መቶ ዘመን ጨዋታውን በፑና ከተማ ይጫወቱባት የነበረችው ሕንድ ደግሞ ተራዋን ለረጅም ጊዜ ጠበቀች። በ2022 ባንኮክ ላይ፣ 14 ጊዜ ያሸነፈችውን ኢንዶኔዥያን 3 ለ0 ረትታ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳች።

እንግሊዝስ? እስከ 2024 በተካሄዱት ውድድሮች አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ገዢ ሕግ ሲያወጣ ለራሱ እንዲያደላ አድርጎ ነው፤ የጨዋታ ሕግ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ተገዢው የፈለገውም ይህንኑ ነበር።