የቮልስዋገን ፍሬንና የኋላ አክስል፦ በጽሑፍ ያልገባ የጋራዥ ታሪክ

የአውቶሞቢል ታሪክ በኢትዮጵያ ሲወሳ በአብዛኛው የሚነሣው መኪናውን ማን አመጣው፣ ማንስ ተሳፈረበት የሚለው ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ በተባለ አውቶሞቢል አዲስ አበባ መግባቱና ዳግማዊ ምኒልክ መሳፈራቸው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ቮልስዋገን መወሰዳቸው ተደጋግሞ ተጽፏል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት 67 ዓመታት ግን ከመኪና ሥር ተኝቶ ፍሬኑን የሠራው፣ አክስሉን የፈታውና የገጠመው ሰው ሙያ ከቃልና ከእጅ አልፎ ወደ መጽሐፍ እምብዛም አልገባም። ይህን ሙያ ለመረዳት ደግሞ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ከተለመዱት መኪኖች አንዷ ከነበረችው፣ ዛሬም በአፍቃሪዎቿ እጅ እየታደሰች ከምትገኘው ከቮልስዋገን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሙያው የመጀመሪያ መዝገብ ቋንቋው ነው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛ የመጡ ሲሆን፣ «ፍሬን» ለፈረንሳይኛውም ለጣሊያንኛውም የቀረበ ቃል ነው። ወደ መኪናው ሆድ ጠለቅ ሲባል ግን የቃላቱ ምንጭ በአመዛኙ ጣሊያንኛ ይሆናል፤ የፍጥነት መቀየሪያው ካምቢዮ፣ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮን፣ ዘንግ በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታ፣ ብሎን የሚታሰርበት ዳዶ፣ መኪና የሚነሣበት ክሪክ፣ ብረት እየዞረ የሚላግበት ቶርኖ ሁሉ ከዚያው የተወረሱ ናቸው። ሙያተኞቹም እንደ ድርሻቸው ጎሚስታ (የጎማ ሠራተኛ) እና ባቲላሜራ (ቆርቆሮ ቀጥቃጭ) ተብለዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ከግፉ ጋር የጭነት መኪናዎችን፣ መንገዶችንና ጋራዦችን አስከትሎ ስለነበር፣ ከነጻነት በኋላም በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ስለነበሩ፣ ኢትዮጵያዊው ረዳት መሣሪያ እያቀበለ የሰማውን ቃል ከሥራው ጋር አብሮ ተማረ፤ ቃሉንም ለራሱ አፍ አስማምቶ አማርኛ አደረገው።

የአገሩ መልክዓ ምድር ከመኪናው አካላት ሁሉ በፍሬን ላይ የከበደ ፈተና ጥሏል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር፣ ወይም በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚያቆለቁል ሰው፣ ሁልጊዜ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። በዚህም ምክንያት በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ እያደረጉ መውረድ የሾፌርነት የመጀመሪያ ትምህርት ሆነ። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገርም ከመንገድ አልፎ ራሱን መግታት ላቃተው ሰው መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል።

አነጋገሩ ለጥንታዊቷ ቮልስዋገን ቃል በቃል የሚስማማ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፋት መኪና መጀመሪያ ላይ የምትቆመው በሽቦ ገመድ ሲሆን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ገመዶቹ ተወጥረው በአራቱም ጎማዎች ያለውን ፍሬን ይስቡ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ለውጭ ገበያ የሚላከው ዓይነት በዘይት ግፊት ወደሚሠራ ፍሬን ተሸጋገረ፤ ርካሹ መደበኛ ዓይነት ግን እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በገመድ ቀጠለ። በዘይቱ ፍሬን አሠራር ፔዳሉ የዋናውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደየጎማው ይሄዳል፣ በዚያም ታምቡር በተባለው የሚሽከረከር ብረት ውስጥ የተቀመጡትን ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ወደ ውጭ ገፍቶ ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያፋትጋቸዋል። በእነዚህ ብረቶች ጀርባ ላይ የሚለጠፈው፣ ፍትጊያውን ተቀብሎ የሚያልቀው ንጣፍ በአማርኛ «የፍሬን ሸራ» ይባላል።

ሸራ የሚለው ስም ለነገሩ የቀድሞ ባሕርይ ታማኝ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤርታ ቤንዝ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ባደረገችው የመጀመሪያ ረጅም የመኪና ጉዞ የፍሬኑ እንጨት ሲያልቅባት ጫማ ሠሪ ቆዳ እንዲለጥፍበት ማድረጓ ይነገራል፤ ከቆዳው በኋላ የመጡት ንጣፎች ደግሞ እንደ ጨርቅ የተሸመኑ ነበሩ። ሙቀትን እንዲችሉ ለረጅም ዘመን አስቤስቶስ የተባለ የማዕድን ጭረት ይጨመርባቸው የነበረ ሲሆን፣ ብናኙ ሳንባን በካንሰር የሚያጠቃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዶታል። ስለዚህ የቆየ ታምቡር ሲከፈት ውስጡን በአየር መንፋት የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው፤ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማስወገድ መካኒኩ ለራሱም ለረዳቱም ሕይወት ያለበት ግዴታ ነው።

ለዓመታት የቆመች ቮልስዋገን ስትታደስ የሚገኘው ጉድለት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ዋናው ፖምፓና በየጎማው ያሉት ትናንሽ ፖምፓዎች ከውስጥ ይዝጋሉ፣ ጎማ ቱቦዎቹም ከውጭ ደህና እየመሰሉ ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ። እነዚህ ከተለወጡ በኋላ በመስመሩ የቀረው አየር ይወጣል፤ አየር እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ስለሚታመቅ፣ ጥቂት አረፋ እንኳ ቢቀር ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። በዚህ ሥራ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምሮ ማስተንፈሻውን ይከፍትና ይዘጋል፤ «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» የሚሉት ሦስት ትእዛዞችም የሥራው ምት ናቸው።

የኋላ አክስሏ ደግሞ ከሌሎች መኪኖች የተለየች የሚያደርጋት ክፍል ነው። ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም መኪናው ሲታጠፍ የውጪኛው ጎማ ከውስጠኛው በልጦ እንዲዞር የሚያስችለው የጥርስ ስብስብ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ዘንጎች በየራሳቸው ቧንቧ ውስጥ ሆነው እንደ ወፍ ክንፍ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ የኋላ ጎማዎቿ ከታች ወደ ውስጥ የሚሰበሰቡትም በዚህ ምክንያት ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለው ዘይት ማገጃ ሲያረጅ የካምቢዮው ዘይት ወደ ታምቡሩ ገብቶ ሸራውን ያርሰዋል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይመለስምና ይጣላል። በመሆኑም በዚህች መኪና የፍሬን ሥራና የአክስል ሥራ ተለያይተው አይታሰቡም።

ታምቡሩን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ባለ 36 ሚሊ ሜትር ትልቅ ዳዶ ነው። ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚደርስ ኃይል መጥበቅ ስላለበት በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ተሰክቶ፣ የሰው ክብደት ተጨምሮ ይታሰራል። ከላላ ታምቡሩ በዘንጉ ጥርሶች ላይ እየተንገጫገጨ ይበላቸዋል፤ በመጨረሻም ሞተሩ እየዞረ ጎማው ይቆማል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ መቆለፊያው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ካልገጠመ፣ ሕጉ ቀዳዳው እስኪገጥም ይበልጥ ማጥበቅ እንጂ ጥቂት ማላላት አይደለም። ይህን ሕግ ማንም ተመልካች ከውጭ አያየውም፤ ጎማው ከተገጠመና ጌጠኛው ክዳን ከተመለሰ በኋላ የሚያውቀው ያሰረው ሰው ብቻ ነው።

መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሙያው በማዳን ላይ የተመሠረተ ሆነ። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ ዕቃ ይመረመራል፣ የተቦረቦረ ታምቡር ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ አዲስ ሸራም በአሮጌው ብረት ላይ ይለጠፋል። ማዳን ግን ወሰን አለው፤ ከልክ በላይ የተላገ ታምቡር ስለሚሳሳ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃልም። ጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ የሚታወቀው በሚልገው ብቻ ሳይሆን «ይህ አይሆንም» ብሎ በሚመልሰውም ጭምር ነው።

ቀለሟ ያበራ፣ ነገር ግን ፍሬኗ ያልታመነ ቮልስዋገን ታደሰች ለማለት አይቻልም። የመኪና ታሪክም እንዲሁ የተሳፋሪውን ስም ብቻ ይዞ የሠራተኛውን እውቀት ከተወ ገና አልተጠገነም። ኩሽኔታ፣ ዳዶና ሸራ የሚሉትን ቃላት ከነአሠራራቸው በሕይወት ካሉት አንጋፋ መካኒኮች ተቀብሎ በአማርኛ መጻፍ ዛሬም የሚቻል ሥራ ነው። የማይታየውን ዳዶ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ያጠበቀ እጅ በታሪክ መዝገብ ውስጥ ቦታ ይገባዋል፤ ከእንጦጦ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ሁሉ በሰላም ቤቱ የገባው በዚያ እጅ ታማኝነት ነውና።