ፒንሳው የየት አገር ነው? ከተሰበረስ ማን ይመልስልኛል?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝን አንድ ጥያቄ ዛሬ ለሁላችሁም ልመልስ። ጠያቂዎቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዱ አናጢ፣ አንዱ መካኒክ፣ አንዱ ኤሌክትሪሺያን ሆኗል። ጥያቄያቸው በአጭሩ "ቲቸር፣ የቻይና ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ ነው እንዴ? የጀርመን የሚሉንስ እውነት የጀርመን ነው?" የሚል ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ስለ ብረት ንግድ ብዙም አላውቅም። ግን ይሄ ጥያቄ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"በጀርመን የተሠራ" የውርደት ምልክት ነበር

ዛሬ "የጀርመን ነው" ሲባል ዋጋው ይጨምራል፣ ገዢውም ብዙ ሳይከራከር ይከፍላል። ከ140 ዓመት ገደማ በፊት ግን ይሄ ጽሑፍ ዕቃ ላይ እንዲመታ የተፈለገው ገዢው አይቶት እንዲሸሽ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ሸፊልድ ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። ሸፊልድ የቢላ፣ የመቀስ፣ የሞረድና የመጋዝ አገር ናት። ገና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ቾሰር የሸፊልድን ቢላ በሥራው ጠቅሶታል። በ1624 ፓርላማው ባወጣው ሕግ የቢላ ሠሪዎቹ ማኅበር ተቋቋመ፤ ባለሙያውም የራሱን ምልክት በማኅበሩ አስመዝግቦ ብረቱ ላይ ይመታ ነበር። ቢላው ካሳፈረ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ይታወቃል ማለት ነው። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ፣ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት ሲፈልግ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ ወጥ የሆነ ጠንካራ አረብ ብረት አወጣ። የሸፊልድ ስም በዓለም የናኘው በዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ የሸፊልድ ምርጥ ዕቃ የሚሠራበት ጥሬ ብረት የሚመጣው ከስዊድን ነበር። "ንጹህ የአንድ አገር ዕቃ" የሚባለው ነገር ያኔም ቢሆን እንደሚወራው አልነበረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ዞሊንገንና ሬምሻይድ የሚባሉ ጎረቤታሞች ከተሞች ገበያውን መቀላቀል ጀመሩ። ዞሊንገን ከጥንት ጀምሮ የሰይፍ ከተማ ናት፤ ሙያ አላጣችም። ችግሩ ርካሹ ዕቃ ላይ ነበር። አንዳንዶቹ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት መቀስና ቢላ አድርገው፣ የሸፊልድን ስም ወይም "አረብ ብረት" የሚል ማኅተም እየመቱ ይሸጡ ነበር። ሸፊልዶች ጮኹ። ጀርመኖቹም ቢሆኑ ገመናቸውን አልደበቁም። በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አገሩን ወክሎ የሄደው ፕሮፌሰር ፍራንዝ ሮይሎ፣ የአገራችን ኢንዱስትሪ መመሪያ ርካሽና መጥፎ መሥራት ሆኗል ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። አስቡት፣ መንግሥት የላከው ሰው እኮ ነው!

በ1887 እንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ አወጣች። ከውጭ የመጣ ዕቃ የእንግሊዝ ስም ወይም ምልክት ከያዘ፣ የተሠራበት አገር በግልጽ እንዲጻፍበት አስገደደች። ሐሳቡ ገዢው "በጀርመን የተሠራ" የሚለውን ሲያይ ዕቃውን መልሶ እንዲያስቀምጠው ነበር።

ውጤቱ ተገለበጠ። ሰው ሲጠቀምበት የኖረውንና የወደደውን ዕቃ ገልብጦ ሲያየው የጀርመን ሆኖ አገኘው። በሌላ አገር ያለ ነጋዴም ለንደን ያለውን ደላላ አልፎ በቀጥታ ጀርመን ማዘዝ እንደሚችል ማኅተሙ ራሱ ነገረው። በ1896 ኧርነስት ዊልያምስ የሚባል እንግሊዛዊ "በጀርመን የተሠራ" የሚል መጽሐፍ አውጥቶ፣ ቤታችን በጀርመን ዕቃ ተሞልቷል ብሎ አገሩን አስደነገጠ። ለማሸማቀቅ የወጣ ሕግ ነጻ ማስታወቂያ ሆነ።

ሕጉ ብቻውን ግን ተአምር አልሠራም። ጀርመኖቹ የሮይሎን ተግሣጽ ሰምተው ሠርተዋል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻቸውን አጠናከሩ፣ የብረት አሠራራቸውን አሻሻሉ። ሬምሻይድ ውስጥ ሞረድ ከሚሠራ ቤተሰብ የወጡት የማነስማን ወንድማማቾች በ1880ዎቹ ብየዳ የሌለው የብረት ቱቦ የሚሠራበትን ዘዴ ፈለሰፉ። የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው፤ የሸፊልድን ስም ሰረቀች ተብላ የተከሰሰችው ዞሊንገን ራሷ ተራዋ ደርሶ ስሟ እንዳይሰረቅባት በ1938 ሕግ ወጣላት።

ጃፓን፣ ታይዋን፣ ቻይና፤ ያው መሰላል

አሜሪካም በ1890 በወጣው የታሪፍ ሕጓ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ አዘዘች። ዛሬም የጉምሩክ ደንቧ እንደ ፒንሳ፣ ቢላና መቀስ ያሉት ላይ የአገሩ ስም ብረቱ ላይ ተመትቶ ወይም ተቀርጾ እንዲገባ ይጠይቃል። ወረቀት መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀት ይላጣላ!

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ "የጃፓን" ማለት ርካሽና ቶሎ የሚበላሽ ማለት ነበር። ያኔ የተወለደ አንድ ወሬ እስከ ዛሬ ይዞራል። ጃፓኖች "በዩ.ኤስ.ኤ የተሠራ" ብለው ለመጻፍ ሲሉ አንዷን ከተማቸውን "ኡሳ" ብለው ሰየሙ ይባላል። ሐሰት ነው። ኡሳ ጥንታዊ ቦታ ናት፤ በስሟ የሚጠራው ታዋቂ መቅደስ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ወሬው የሚነግረን ስለ ጃፓን ሳይሆን ሰው በርካሽ ዕቃ ላይ ስላለው ጥርጣሬ ነው። በ1950 ጃፓኖች ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለውን አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋብዘው ስለ ጥራት ቁጥጥር ተማሩ፤ በማግስቱ ዓመት በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። የቀረውን ቶዮታ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ከጃፓን ቀጥሎ ታይዋን መጣች። ታይቹንግ ከተማና አካባቢዋ ዛሬ በጥሩ መፍቻ ይታወቃሉ። ህንድ ውስጥ ጃላንዳርና ሉዲያና አሉ። ቻይና ውስጥ የብረታ ብረት ዕቃ ዋና ከተማ የምትባል ዮንግካንግ አለች። እዚያው ቻይና ውስጥ አንዱ ፋብሪካ ለአውሮፓ ደረጃ የሚመጥን ያወጣል፣ ሌላው ነጋዴው በነገረው ዋጋ ልክ ያወጣል። አስመጪው "በዚህ ዋጋ ሥሩልኝ" ካለ በዚያ ዋጋ ይሠሩለታል። ስለዚህ "የቻይና ነው" ሲባል ገና ምንም አልተነገራችሁም።

ዋስትናውስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ መደብር በ1927 "ክራፍትስማን" የሚል የእጅ መሣሪያ ስም ያዘ። ስሙን የተከለው በዕድሜ ልክ ዋስትናው ነው። የተሰበረውን መፍቻ ይዘህ ትሄዳለህ፣ አዲስ ይሰጡሃል፣ በቃ። ደረሰኝ የለ፣ ክርክር የለ። ልብ በሉ፣ ሲርስ ራሱ መፍቻ አይቀጠቅጥም ነበር፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ናቸው የሚሠሩለት። ገዢው የፋብሪካውን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚመልስለትን ሱቅ ነው።

ነጋዴው በዚህ አይከስርም ወይ? አይከስርም። በእሳት ተቀጥቅጦ በደንብ የተሠራ መፍቻ የሚሰበረው ከስንት አንድ ነው። ከተሰበረበት ሰው ውስጥም ብዙው ይጥፋብኝ ብሎ ይተወዋል። የመጣው ደግሞ አዲሱን ተቀብሎ ሲወጣ ሌላ ነገር ገዝቶ ይወጣል። እንደ መሰርሰሪያ ጥርስና የመጋዝ ምላጭ ያሉ አላቂ ዕቃዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋስትናው ውጪ ናቸው።

ይህንን በደንብ የተረዱ ሌሎችም መጡ። በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ሃርበር ፍሬይት ከእስያ ርካሽ መሣሪያ እያስመጣ የእጅ መሣሪያው ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል። ከሚሸጥባቸው ስሞች አንዱ "ፒትስበርግ" ነው፤ ፒትስበርግ የአሜሪካ የአረብ ብረት ከተማ ናት። የሸፊልድ ሰዎች ቢነሱ እንደገና ይጮኹ ነበር! ልዩነቱ የመጣበት አገር በሕጉ መሠረት መጻፉና ሱቁ መልሶ መቀበሉ ነው።

ክራፍትስማንስ ምን ሆነ? በ2010ዎቹ አብዛኛው የእጅ መሣሪያው ወደ እስያ ሄደ። በ2017 ስሙ ለስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር በ900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። በ2018 ሲርስ የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። አዲሱ ባለቤት መፍቻውን እንደገና በአሜሪካ እሠራለሁ ብሎ በ2019 ቴክሳስ ውስጥ ፋብሪካ ማቋቋሙን አስታወቀ፤ በ2023 ዘጋው። "ዕድሜ ልክ" ሲባል ዕድሜው የናንተም የመፍቻውም አይደለም፤ ቃል የገባው ሰው ዕድሜ ነው። ዋስትና ብረቱ ላይ አይመታም፣ ከሰው ጋር ነው የሚኖረው።

እኛስ ጋ?

የኛ የመሣሪያ ታሪክ አፋችን ላይ ተመትቷል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ፌሮ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ዕቃው ከነስሙ ገባ፤ ዛሬ የቻይናውንም የህንዱንም በጣሊያን ስሙ እንጠራዋለን።

ከዚያ በፊትስ? ማጭዱንና ማረሻውን የሚሠራው የመንደሩ ቀጥቃጭ ነበር። ማጭዱ ከታጠፈ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ እሳት ውስጥ አግብቶ ያቀናልሃል። ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም፤ ሠሪውን በስሙ ታውቀዋለህ፣ ቤቱንም ታውቀዋለህ። ያንን ሰው ግን "ቡዳ" እያልን አገለልነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ሸፊልድ ባለሙያዋን ማኅተም ሰጥታ ስታስመዘግብ፣ እኛ ስድብ ሰጠነው። "ለምን የራሳችን ፒንሳ የለንም?" የምትሉ ልጆች፣ መልሱ በከፊል እዚህ አለ።

ዛሬ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ለጥፏል። ወረቀቱን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። "ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ?" ሲላችሁ የሚቀንሰው ዋጋውን ብቻ አይደለም፣ ዋስትናችሁንም ነው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ልጆች ምክሬ ይሄ ነው፦

1. አገሩን ከመጠየቃችሁ በፊት "ቢሰበር ማን ይቀይርልኛል? እስከ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ደረሰኙ ላይ አጽፉ።

2. "ክሮም ቫናዲየም" የሚለውን ማኅተም እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ማኅተም የመምታት ችግር ያለበት አገር የለም፤ ከ1887 በፊትም አልነበረም።

3. ኤሌክትሪክ የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ ቀልድ የለም። እጀታው ላይ ያለ ቀይ ወይም ቢጫ ፕላስቲክ ሁሉ ከኤሌክትሪክ አያድንም፤ አንዳንዱ ለእጅ ምቾት ብቻ ነው። ለ1000 ቮልት የሚሆን መሣሪያ አይ.ኢ.ሲ 60900 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ10,000 ቮልት ይፈተናል፤ የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክትም አለው። ምልክቱም ሊመሰል ስለሚችል እሱን ከምታምኑት ሻጭ ብቻ ግዙ። የተሰበረ መፍቻ ይቀየራል፤ እናንተ አትቀየሩም።

4. በቀን ሥራ የምትተዳደሩ ልጆች፣ በየቀኑ የምትይዙትን አንድ ሁለት ዕቃ ጨመር አድርጋችሁ ጥሩውን ግዙ። በዓመት አንዴ የምትፈልጉት ርካሹም ይበቃል። ሥራ መሀል የተሰበረ መፍቻ የቀን ገቢያችሁን ነው ይዞ የሚሄደው።

እስቲ እናንተስ፣ ቤታችሁ ያለው አሮጌ ፒንሳ ወይም መዶሻ ላይ ምን ተጽፏል? ገልብጣችሁ እዩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ዕቃ ያላችሁ፣ ፎቶውን ላኩልኝ። መልካም ሰንበት!