ስሙ በፓሪስ፣ ሥሩ በመተማ

ከፓሪስ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ የድሮ ቁም ሣጥን ሊገዛ የሄደ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ቃል አለ፤ «ኤቤኒስት»። የጥሩ ቁም ሣጥን ሠሪ የሙያ ስም ነው። ለመሆኑ ይህ ስም ከየት መጣ?

«ኤቤን» በትንቢተ ሕዝቅኤል ዞጲ የተባለው ጥቁር እንጨት ነው። ቃሉን ፈረንሳዮች ከላቲን፣ ላቲኖች ከግሪክ፣ ግሪኮች ደግሞ ከጥንት ግብፃውያን ወሰዱት። ግብፃውያን እንጨቱን ከኑቢያና ከፑንት ያስመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ የሕፃን ወንበር ሳይቀር ከዚሁ እንጨት ተሠርቶ፣ በዝሆን ጥርስ ተለብጦ ተገኝቷል። የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፉን ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን ይሉታል። ይኸው ዛፍ ዛሬም በመተማና በቋራ ቆላ ከዕጣን ዛፍ ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል፤ ያገሩ ሰው ዞቢ ይለዋል።

ፈረንሳዮች በ17ኛው መቶ ዘመን የተጠቀሙበት ዞጲ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ፣ የሌላ ዛፍ ዘር ነበር። ዋጋው ውድ ስለሆነ በስሱ ተሰንጥቆ በሌላ እንጨት ላይ ይለበጣል። በዚህ ጥበብ የተካነው ዣን ማሴ በ1644 በሉቭር ቤተ መንግሥት ማደሪያ እስከማግኘት ደርሷል። በ1920ዎቹም ስመ ጥሩው ሩልማን ከእስያ በመጣ ዞጲ ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር። ገዢ ግን ይጠንቀቅ፤ ጥቁር ቀለም የጠጣ የፒር እንጨት ዞጲ መስሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

መተማን የምናስታውሳት አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ግን የዝሆን ጥርስ፣ የሰምና የቡና፣ አሳዛኙ የባሪያ ንግድም የደራባት ገበያ ነበረች። ዞቢዋን ያስታወሰ የለም። ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው ይህ ከባድ እንጨት በሌላው ዓለም ክላርኔት ይሠራበታል፤ እኛ ዘንድ ማገዶና ከሰል ይሆናል። የሰሊጥ እርሻ በሰፋ ቁጥርም ጫካው ይመነጠራል። ዛፉ ለመጣውያ እስኪደርስ ሰባ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዳልበርጂያ ዝርያዎች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግድ በፈቃድ ሆኗል፤ ምድጃ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

ፈረንሳይ በሩቅ አገር እንጨት አንድን ሙያ ሰየመች። እኛ ዛፉ ከደጃችን ሳለ አመዱን እንጠርጋለን።