ውሃው ነው አሉ

ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ በሩንም ዝጉት፣ ብርድ ይገባል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ባዶ ቢራ ፋብሪካ ነው፤ ሰው ጥሎት ስለ ሄደ፣ ውሃው ግን አብሮት ስለ ቀረ ፋብሪካ። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ነገሩ የሆነው በነሱ አገር ነውና።

እኔ ሲያትል ከተማ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድቻለሁ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ፖርትላንድ፣ ሰው ይዤ በሄድኩ ቁጥር ኦሎምፒያን እንዳለፍኩ፣ ተምዋተር ከምትባለው ከተማ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር አንድ ግዙፍ ሕንፃ መስኮቱ ጠቁሮ ቆሞ አያለሁ፤ ተሳፋሪ ይዣለሁና አልፈዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ነው «እስቲ ልየው» ያልኩት። ብቻዬንም አልሄድኩም፣ ጎረቤቴን እትዬን ይዤ ነው። እትዬ ደብረ ብርሃን ጠላ ሸጠው አምስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ጠመቃ ቤት ለማየት ከሳቸው የተሻለ አዋቂ ከየት አመጣለሁ?

መኪናውን የነዳው የልጅ ልጃቸው ነው። ወሩ ኦክቶበር ነበር፣ ካፊያው ከደጃፋችን ጀምሮ አልተለየንም፣ ሬኒየር የሚሉት ባለ በረዶ ተራራም ደመና ተከናንቦ ፊቱን ነሣን። እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ እየፈቱ አንድ ጊዜ ለልጁ፣ አንድ ጊዜ ለኔ በእፍኝ ያቀብሉናል፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ታኮማን አለፍን፣ ከዚያም የወታደሩን ሰፈር አለፍን፣ በጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደንም ከጠመቃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ፏፏቴ ወረድን።

ፏፏቴው ደሹትስ የሚባል ወንዝ የሚወርድበት ነው፤ ተምዋተር የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦችና ነጋዴዎች በሚግባቡበት በቺኑክ ቋንቋ «ተም» የልብ ትርታ ድምፅ ነው፣ ውሃው ድንጋዩን ሲመታው እንደ ልብ ይመታል ብለው። እትዬ ይህን ስነግራቸው ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ፣ ትንሽ አዳመጡ፣ ከዚያም «የኔ ይፈጥናል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከታች በተሠራው የዓሣ መሰላል ክንድ የሚያህል ሳልሞን ጀርባው ተላልጦ ወደ ላይ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይዘላል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ እኛ ደግሞ «አይዞህ! አይዞህ!» እንላለን።

እዚህ ላይ ዞር ብዬ የአንድ ሰው ነገር ላንሣ፤ ካላነሣሁት ያንቀኛል። በ1844 ከሚዙሪ ተነሥተው በሠረገላ ወደ ምዕራብ ከተጓዙት መካከል ጆርጅ ቡሽ የሚባል ጥቁር ሰው ነበር (ፕሬዚዳንቶቹን አይደለም የምላችሁ)። ኦሬገን ሲደርሱ ጥቁር ሰው በዚያ ምድር እንዳይቀመጥ፣ እምቢ ያለም በጅራፍ እንዲገረፍ የሚል ሕግ ወጥቶ ጠበቃቸው፤ ከዚያ እሱም ባልንጀሮቹም የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሰሜን ወጡና በ1845 እዚህ ሰፈሩ፣ ወፍጮም ከዚህ ፏፏቴ ላይ ተከሉ። በ1852 እህል ሲጠፋ፣ ነጋዴዎች ስንዴህን በፈለግከው ዋጋ እንግዛህ ቢሉት እምቢ ብሎ ለአዲስ መጪዎቹ ለምግብም ለዘርም አደላቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ መሬቱ በቆዳው ምክንያት አልጸናለትም ነበር፤ በ1855 ኮንግረሱ ለሱ ብቻ ልዩ ሕግ አውጥቶ ነው 640 ኤከሩ በስሙ የሆነለት። እትዬ ሰምተው ሲያበቁ «በል እንግዲህ፣ የዚህ አገር የመጀመሪያው እህል የኛው ሰው ነው» አሉና ከቆሏቸው ጥቂት ወደ ወንዙ በተኑ። ለዓሣው ይሁን ለሰውየው አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲያ 40 ዓመት አለፈና ሊዮፖልድ ሽሚት የሚባል ጀርመን መጣ። ወጣት ሳለ መርከበኛ ነበር፣ በኋላም ሞንታና ውስጥ ቢዩት በምትባል የማዕድን ከተማ ቢራ ጠምቆ የከበረ ነው፤ በ1895 ሞንታና የመንግሥት አዳራሽ ልትሠራ አስባ የሌላውን አይተው እንዲመጡ ከላከቻቸው ሰዎች አንዱ ሆኖ ኦሎምፒያ ደረሰ፣ ከዚያም ወደዚህ ወረደ፣ ከዚያም ሳይቆፍሩት ራሱ ከምድር ገፍቶ የሚወጣውን ውሃ ቀመሰ፣ ከዚያም መሬቱን ገዝቶ በ1896 ጠመቃውን ጀመረ። የቢራውም ስም ኦሎምፒያ ሆነ፣ ከስሙም ጋር «ውሃው ነው» የምትል ቃል አስጻፉበት።

«ውሃውማ ውሃ ነው» አሉ እትዬ። «ጋኑን ያጠበው ማነው?»

ከወንዙ ማዶ የቆመው ባለ ስድስት ፎቅ የሸክላ ማማ በ1906 የተሠራው ነው። እንዲህ ያለ ማማ ለጌጥ አይደለም የሚረዝመው። እህሉ ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ እየተፈጨ፣ እየተዘፈዘፈ፣ እየተጣራና እየፈላ በራሱ ክብደት ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወርዳል። ይህን ለእትዬ ሳስረዳ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ ብቅሉ ሲገባ ነቀነቁ፣ ድፍድፉ ሲሆን ነቀነቁ፣ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ጌሾውሳ?» አሉ። ሆፕ የሚሉት አበባ ነው ጌሿቸው፣ ሲፈላ ይገባል አልኳቸው። «ሲፈላ!» ብለው አዘኑላቸው።

አጥሩ ላይ አትግቡ የሚል ተጽፏል፤ እኛም አልገባንም፣ በዚህ ዕድሜ አጥር አይዘለልም። እትዬ ግን ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው አፍንጫቸውን አስጠግተው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ። እርጥብ ጡብና ቅጠል ብቻ። «አተላ አይሸትም» አሉኝ፣ ቤት ገብቶ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያ ማማ ቢራ ያየው 10 ዓመት ያህል ብቻ መሆኑን ታምናላችሁ? በ1914 ሽሚት ሞተ፣ በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ መጠጥ ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ ሕጉም በ1916 መጀመሪያ ጸና። ልጆቹ የፍራፍሬ ጭማቂ ሞከሩ፣ አላዋጣም። ክልከላው በ1933 ሲነሣ ወደ አሮጌው ማማ አልተመለሱም፤ ከኮረብታው ላይ አዲስ ሠሩና በ1934 ጠመቃው እንደገና ተጀመረ። እኔ ከመንገድ የማየው ይኸኛውን ነው።

ወደሱም ወጣን። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ግንብ፣ ሣር የበቀለበት የመጫኛ መድረክ፣ እሾሃማ እንጆሪ ተጠምጥሞ የዋጠው አጥር። ቤተሰቡ በ1980ዎቹ ከእጁ አወጣው፣ ፓብስት የሚባል የቢራ ኩባንያ ያዘው፣ በኋላም ሚለር የሚባል ሌላ ገዛው፣ ሚለርም በ2003 ዘጋው፤ 400 የሚሆን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሄደ። ስሙ ግን አልሞተም፣ ቢራው ካሊፎርኒያ ተወስዶ ይጠመቅ ጀመር፣ ፏፏቴውም ጣሳው ላይ እንደ ተሣለ! በካሊፎርኒያ ውሃ ተጠምቆ «ውሃው ነው» ሲባል አስቡት። እኔ ሣቅሁ፤ እትዬ አልሣቁም። የሌላ ሰው ጠላ በስማቸው ሲሸጥ የሰሙ ይመስል ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፣ መኪናው ድረስ አልተናገሩም።

ወገኖቼ፣ ለፍትሕ ያህል ይህንም ልንገራችሁ፦ አሮጌው ማማ በ2016 ለተምዋተር ከተማ በስጦታ ተላልፎ እንዳይፈርስ ይደግፉት ጀመር። የፏፏቴውንም መናፈሻ የሚጠብቀው የጠማቂው ቤተሰብ ያቋቋመው ማኅበር ነው።

ስንመለስ ኦሎምፒያ መሐል ከተማ ቆምን። እዚያ ከመሬት በቱቦ ያለማቋረጥ የሚፈስ የዚያው ዓይነት ውሃ አለ፤ ሰው ጀሪካን ይዞ ይቀዳል፣ የሚያስከፍል የለም። እትዬ ለካስ ሁለት ጀሪካን ከመኪናው ኋላ ደብቀው መጥተዋል። ከፊታችን የነበረው ጎረምሳ ጠርሙሱን ወደ ጎን አድርጎ ቅድሚያ ሰጣቸው፣ እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው በአማርኛ መረቁት፣ እሱም የገባው ይመስል አንገቱን ደፋ።

በዚያ ውሃ ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ጠመቁ። ጋን የለም፣ ፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ወይራ ሊያጥኑበት ቢሞክሩ የጣራው ጭስ ጠቋሚ ጮኾ ሕንፃውን በሙሉ ከነፒጃማው አስወጣው። በዓሉ ሲደርስ ሁላችንም ተሰበሰብን፣ እኔ የሽሚትን ነገር ለሰዉ አወራሁ፣ እትዬም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሳቸው ቀምሰው ጥቂት በአፋቸው ያዙት፣ ዋጡት፣ ጣራውን አዩ።

«ጌሾው በዝቷል» አሉና ቀዱልን።